የኢስታንቡሉን ማሊያ ፍለጋ፦ ታፔላ ከሌላት የአሮጌ ማሊያ መደብ የገዛሁት ቁጥር 8

ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚከፈት የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ። ወደ ውስጥ ዘልቃችሁ ከጫማ ጠጋኙ ቀጥሎ አንዲት ጠባብ መደብ ታገኛላችሁ። ታፔላ የላትም። ባለቤቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የሚሸጡት አሮጌ የእግር ኳስ ማሊያ ብቻ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ከእሳቸው አንድ ማሊያ ገዝቻለሁ፤ የሊቨርፑል ክለብ አማካይና አምበል የነበረውን የስቴቨን ጄራርድን፣ ቁጥር 8፣ የ2004–05 የውድድር ዘመን። የከፈልኩት 110 ፓውንድ ነው። ውድ ነው። ቢሆንም ዛሬ ቢጠፋብኝ ነገ ሄጄ ደግሜ እገዛዋለሁ። (የጨዋታዎቹን ዓመት የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የማሊያ ነጋዴዎችም የሚጠሩት በዚያው ነው። አንዱን ቀን ብቻ ግን በእኛው ካልጻፍኩት ለእኔ ያ ቀን አይመስለኝም።)

ያም ቀን ግንቦት 17፣ 1997 ዓ.ም. ነው፤ ሊቨርፑል ከሚላን ጋር የአውሮፓ ዋንጫን (የሻምፒዮንስ ሊጉን) ፍጻሜ ኢስታንቡል ላይ የተጫወተበት። ረቡዕ ማታ፣ ምርጫው ካለፈ አሥረኛው ቀን። አዲስ አበባ ቀበና ነው የምንኖረው፤ ከግቢያችን ዲሽ ያላቸው ጎረቤታችን እትዬ ብቻ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው፤ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ማሊያ መግዣ ስላልነበረው ቀይ ካናቴራ ላይ እማዬ ከነጭ አቡጀዲ ቆርጣ 8 ቁጥር ሰፍታለት ነበር። ያንን ለብሶ እትዬ ሳሎን መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አጠገቡ።

ከምሽቱ 3፡45 ተጀመረ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ማልዲኒ ለሚላን አገባ። ከዚያ ክሬስፖ ሁለት ጨመረ። ለዕረፍት ሲወጡ 3 ለ 0። ጋሼ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ተነስቶ ወጣና በራችን ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እትዬም "ልጄ፣ ልዝጋው እንዴ?" አሉኝ። "ትንሽ ይቆይ፣ እትዬ" አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም።

ከዕረፍት መልስ በ54ኛው ደቂቃ ሪሴ ከግራ አሻማ፤ ጄራርድ ዘሎ በጭንቅላቱ ከመረብ አገናኛት። ወደ መሀል ሜዳ ሲመለስ ሁለት እጁን ወደ ላይ እያነሳ ደጋፊውን "ተነሱ" ሲል ያየሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ደጅ ነበር። ሮጬ ወጥቼ "አገባ! ጄራርድ አገባ!" ስለው "ተይ አታሹፊብኝ" አለኝ። እጁን ጎትቼ ሳሎን ሳስገባው ሽሚሰር ሁለተኛውን መታ። ከዚያ ጋቱሶ ጄራርድን ሳጥን ውስጥ ጣለው፤ አሎንሶ የመታውን ፍፁም ቅጣት ምት ዲዳ ሲያድነው የተመለሰችውን ራሱ አሎንሶ አስቆጠረ። ሦስት ጎል በስድስት ደቂቃ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፎ በመለያ ምቱ የሊቨርፑሉ በረኛ ዱዴክ የሼቭቼንኮን ምት አድኖ ሊቨርፑል ዋንጫውን ሲወስድ እትዬ ነጠላቸውን ጥለው እልል አሉ። ኳስ አይወዱም ነበር።

ጋሼ ያችን የመጀመሪያ ጎል በቀጥታ ሳላያት ቀረሁ እያለ እስከ ዛሬ ይቆጫል። ዘንድሮ ልደቱ ሲደርስ ምን እንደምልክለት ለመወሰን ብዙ አላሰብኩም።

በመጀመሪያ የገዛሁት ግን ከዚህች መደብ አልነበረም። በኢንተርኔት ከሚሸጥ አንድ ሰው ነው፤ 60 ፓውንድ። "የኢስታንቡል ፍጻሜ ማሊያ፣ ኦርጂናል" ይላል። ሲደርሰኝ ከጀርባው የስሙ የመጨረሻ ፊደል ጫፉ ላይ ተነስቷል። ማሊያ ላይ ስም የሚለጥፍ ሰው ሳጠያይቅ ወደ ሽማግሌው መሩኝ። እሳቸውም ማሊያውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አንድ ጊዜ ብቻ አዩትና "የተነሳውን ፊደል ልለጥፍልሽ ወይስ እውነቱን ልንገርሽ?" አሉኝ።

እውነቱ እጅጌው ላይ ነበር። የአውሮፓ ዋንጫን አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ወይም ሦስት ጊዜ በተከታታይ ለወሰደ ክለብ የዋንጫውን ብዛት የሚያሳይ ባጅ ክንድ ላይ እንዲያደርግ ይፈቀድለታል። የእኔ ማሊያ ክንድ ላይ 5 ቁጥር ያለበት ባጅ ተለጥፏል። ሽማግሌው በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። "ሊቨርፑል ኢስታንቡል ሲገባ የነበረው አራት ዋንጫ ነው። አምስተኛውን ገና ሊጫወቱለት እየገቡ እንዴት በክንዳቸው ይዘውት ይገባሉ?" አሉ። የዚያን ሌሊት ባጅ የነበረው ሚላን ላይ ነው። ሊቨርፑል ባጁን ያገኘው በዚያው ሌሊት ሥራ ነው፤ የለበሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ቁጥሩን አሳዩኝ። የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ሁሉ አንድ ዓይነት ፊደልና ቁጥር መጠቀም የጀመሩት በ1997 ነው፤ ቅርጹ በ2007 ተለወጠ። የእኔ ማሊያ ላይ ያለው የ2007ቱ ነው። ኢስታንቡል ላይ ሊሆን ቀርቶ በዚያ ዓመት በሊጉም ላይ ሊሆን የማይችል ቁጥር።

ፎርጅድ መግዛቴ አበሳጨኝ። የበለጠ ያበሳጨኝ ግን እኔ፣ ያችን ጎል በዓይኔ ያየሁት፣ 5 ቁጥሯን አይቼ ዝም ማለቴ ነው። ሽማግሌው ሂሳብ ሳይጠይቁኝ የተነሳችውን ፊደል በሙቀት ማተሚያቸው ለጠፉልኝና "ለሩጫ ልበሺው" ብለው መለሱልኝ። ፎርጅድ ነው ብለው አልናቁትም።

የዚህች መደብ ዋጋዋ እዚህ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ብትሄዱ "የጄራርድ ማሊያ አለ?" ስትሉ "አዎ" ወይ "የለም" ነው መልሱ። እሳቸው የጠየቁኝ "የትኛውን ጄራርድ ነው የምትፈልጊው?" ብለው ነው። ከዚያ በረድፍ የተሰቀሉትን በተራ ያወርዱ ጀመር።

በኋላ ነው የነገሩኝ፤ ሽማግሌው የሊቨርፑል የከተማ ተቀናቃኝ የሆነው የኤቨርተን ደጋፊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰማያዊ ለብሰው የኖሩ ሰው ናቸው ይህንን ሁሉ ቀይ ማሊያ እያጠፉ የሚያስቀምጡት። "ጄራርድ በ1999 በሁለቱ ክለቦች ደርቢ ላይ ተቀይሮ ገብቶ በኬቪን ካምቤል ላይ እግሩን አንስቶ በቀይ ካርድ ሲወጣ ይህ ልጅ ዕድሜ የለውም ብዬ ነበር፤ ተሳሳትኩ" አሉኝ። በመጋቢት 2012 ደግሞ አንፊልድ ላይ ብቻውን ሦስት ጎል አስቆጥሮ 3 ለ 0 ሲያሸንፏቸው እሳቸው ስታዲየም ነበሩ። የዚያን ዓመት ማሊያ ሲያወርዱት ቶሎ ብለው ሰቀሉት።

ቁጥር 28 የታተመበት አንድም የላቸውም። ጄራርድ ከብላክበርን ጋር በኅዳር 1998 መጨረሻ ደቂቃዎች ላይ ተቀይሮ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ 28 ነበር የለበሰው፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ። "ያኔ የእሱን ስም ከፍሎ የሚያሳትም ማን ነበር? ቤተሰቡ ካልሆነ" አሉ ሽማግሌው። ከከተማው ዳር ከሃይተን የመጣ፣ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ በክለቡ ያደገ ልጅ ነው። በ1989 በሂልስቦሮው ስታዲየም የሊቨርፑል ደጋፊዎች ተጨናንቀው ባለቁበት አደጋ ከሞቱት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ የነበረው የአሥር ዓመት ልጅ የዘመዱ ልጅ ነው። ለዚህ ከተማ ሰው ይህንን ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ለእኔ ግን እዚህ ከመጣሁ በኋላ የገባኝ ነገር ነው።

ከዚያ 17 ቁጥር። እነዚህ ሦስት አራት አሏቸው። ከ2000 እስከ 2004 የለበሰው ነው፤ 8 ቁጥር ያኔ የሄስኪ ነበረች። እናም ሽማግሌው ያስጠነቀቁኝ ሌላ ነገር፦ የ2002 ወይ የ2003 ማሊያ ላይ "ጄራርድ 8" የሚል ካያችሁ ሰውየው ከኋላ ያሳተመው ነው እንጂ ተጫዋቹ ለብሶት አያውቅም። በ17 ቁጥር ነው በ2001 የሊግ ካፑን፣ ኤፍኤ ካፑንና የዩኤፋ ካፑን በአንድ ዓመት ያነሳው፤ በዩኤፋ ካፑ ፍጻሜ ዶርትሙንድ ላይ አላቬስን 5 ለ 4 ሲያሸንፉ ሁለተኛዋ ጎል የእሱ ናት። በጥቅምት 2003 አሰልጣኙ ሁሊየር የአምበልነቱን ጨርቅ ከሂፒያ ወስደው ሲሰጡትም ገና 17 ቁጥር ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ። እኔ 17 ቁጥሯን እጄ ላይ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሁሉም ሰው 8ን ስለሚፈልግ ይቺ 70 ፓውንድ ብቻ ናት፤ ጨርቋም ደህና ነው።

የእንግሊዝ ማሊያ ጥግ ላይ ነው ያለው፤ ብዙ አላየሁትም። 114 ጊዜ ለአገሩ ተጫውቷል፤ በ2010ም በ2014ም የዓለም ዋንጫ ላይ አምበል ነበር። ሙኒክ ላይ ጀርመንን 5 ለ 1 ያሸነፉበት ቀን ጎል ካገቡት አንዱ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር ጋሼም እኔም በእንግሊዝ ማሊያ አስበነው አናውቅም።

አሁን ስለገዛሁት ልናገር። የሬቦክ ነው፤ ሬቦክ እስከ 2006 የሊቨርፑልን ማሊያ ይሠራ ነበር፣ ከዚያ አዲዳስ ተረከበ። ቀለሙ ሃያ ዓመት ታጥቦም ቀይ ነው፤ ብብቱ ሥር ብቻ በጥቂቱ ፈዟል። ደረቱ ላይ ካለው የካርልስበርግ ጽሑፍ መጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፤ ሽማግሌው ደብቀው ሳይሆን መብራት ሥር ወስደው ነው ያሳዩኝ። ከጀርባው ስሙና 8 ቁጥሩ ሳይነካ አለ። እጅጌው ላይ የሻምፒዮንስ ሊጉ ባለ ኮከብ ኳስ ባጅ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ባዶነቱን በጣቴ ዳስሼ አረጋገጥሁ። አንገትጌው ውስጥ የፊተኛው ባለቤት በእስክሪፕቶ የጻፋት አንዲት ፊደል አለች፤ ትምህርት ቤት ልብስ ላይ እንደሚጻፈው። የማን እንደነበረ ሽማግሌው አልነገሩኝም፤ "የሸጠልኝን ሰው ምንም ላልጠይቀው ቃል ገብቼ ነው የገዛሁት" ብቻ አሉ።

መጠኑ ላይ ተጠንቀቁ። ምልክቱ "ኤል" ይላል፤ ዛሬ ከሚሸጠው ኤል ግን ይሰፋል፤ የዚያ ዘመን ማሊያ ሰፊ ነበር። ጋሼ ወፍራም ስለሆነ ለእኔ በጀኝ። መለኪያ ክፍል የለም፤ ከልብሳችሁ ላይ ደርባችሁ ነው የምትሞክሩት። ካርድ አይቀበሉም፤ ጥሬ ገንዘብ ነው። የገዛችሁትን አይመልሱም። የገበያው ጣሪያ ያፈሳል፣ በክረምት እግር ይቀዘቅዛል፤ ማሊያው ሁሉ የብል መከላከያ ይሸታል፤ የእኔን ሁለት ቀን ደጅ ባሰጣውም ሽታው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት የለም። ጠይቃችሁ ነው የምትሰሙት፤ እኔ ስጠይቅ ያፈርኩትን ያህል ሌላውም ያፍራል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። "አስብበታለሁ" አሉ፤ በሦስተኛው ጉብኝቴ ጥቂቶቹ ላይ ወረቀት አንጠልጥለው አየሁ።

አንድ ማሊያ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጠረጴዛው ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዋሪየር የሠራው የ2013–14። የትኛው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሊቨርፑል አሥራ አንድ ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ሚያዝያ 27 ቀን 2014 ቼልሲን አንፊልድ ላይ ሲያስተናግድ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሊያልቅ ሲል ሳኮ ያቀበለው ኳስ ከጄራርድ እግር ሥር አመለጠች፤ ሊደርስባት ሲል ተንሸራተተ፤ ዴምባ ባ ብቻውን ሄዶ አገባ። 2 ለ 0 ተሸነፉ። ማንቸስተር ሲቲ በሁለት ነጥብ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ጄራርድ ሊጉን ሳያነሳ ቀረ።

"ይህንን ለምን አልሰቀሉትም?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ለሹፈት የሚፈልጉት ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ የእኛው የኤቨርተን ልጆች ናቸው። ለሹፈት አልሸጥም። ለሚያለቅስበት ሰው ነው የማወጣው" አሉ። ይህንን ስሰማ ጉሮሮዬ ተያዘ፤ ምክንያቱም እኔም ሁልጊዜ የምከራከርበት ነገር ነው። ያን ቀን ጋሼ ከአዲስ አበባ ስልክ ደውሎ ምንም ሳይናገር ዘጋው። ሰዎች አሥራ ሰባት የውድድር ዘመን በአንዲት መንሸራተት ይለኩታል። እኔ ግን የምጠይቃቸው ይህንን ነው፦ በታኅሣሥ 2004 ከምድባቸው ለማለፍ ኦሎምፒያኮስ ላይ ሁለት ጎል ልዩነት ሲያስፈልግ፣ በ86ኛው ደቂቃ ከሳጥን ውጪ ያንን ምት ባይመታ ኢስታንቡል የሚባል ታሪክ ይኖር ነበር ወይ? ኢስታንቡል ላይ ራሱ ስለ ጎሏ እንጂ ስለ መጨረሻው ሰዓት ማንም አያወራም። አሰልጣኙ ቤኒቴዝ ሀማንን ከዕረፍት በኋላ ሲያስገቡ ጄራርድን ወደ ፊት ለቀቁት፣ አገባ፣ ፍፁም ቅጣት ምቱን አስገኘ። የሚላኑ ሰርጂኒዮ በግራ በኩል ሲያስቸግር ደግሞ ቀኝ ተከላካይ ሆኖ በጭማሪው ሰዓት እግሩ እየተኮማተረ እሱን ሲያሳድድ ነበር። ጥሩ አማካይ ማለት ለእኔ ይሄ ነው፤ ጨዋታው የጎደለው ቦታ ላይ የሚገኝ።

በዓመቱ ደግሞ ካርዲፍ ላይ በኤፍኤ ካፑ ፍጻሜ ዌስትሃም 3 ለ 2 እየመራ፣ በ91ኛው ደቂቃ ከ30 ሜትር ገደማ የመታት ኳስ አለች። ሽማግሌው ስለዚያች ጎል ሲያወሩ የኤቨርተን ሰው መሆናቸውን ረሱት፤ እግራቸውን አንስተው አሳዩኝ። በሊግ ካፕ፣ በኤፍኤ ካፕ፣ በዩኤፋ ካፕና በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሁሉ ጎል ያገባ ሰው ነው። 710 ጨዋታ፣ 186 ጎል፤ ለአንድ ክለብ። በ2005 ክረምት ወደ ቼልሲ ሊሄድ ደርሶ ሐሳቡን የቀየረበትን ሌሊት አስቡት።

ማሊያውን ሲሸጡልኝ የአጠባበቁን ነገር ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፦ ገልብጠሽ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፤ ካውያ ቁጥሩ ላይ አይነካ፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣ። እኔም በአማርኛ ገልብጬ ከማሊያው ጋር አጠፍኩት። ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁት፤ ሻንጣው ሞልቶበት ስለነበር ለብሶት ነው የገባው።

ጋሼ ሲደርሰው በቪዲዮ ደወለ። መጀመሪያ ያየው እጅጌውን ነው። ስለ 5 ቁጥሩ ባጅ ምንም አልነገርኩትም ነበር። "የ5 ቁጥሩ ባጅ የለውም" አለ፤ "ትክክለኛው ነው ማለት ነው።" ከዚያ ቆይ አለኝና ጓዳ ገባ። ሲመለስ አንድ ነገር በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። ቀዩ ካናቴራ ድሮ አልቋል፤ እሱ ግን እማዬ የሰፋችውን አቡጀዲ 8 ቁጥር ፈትቶ አስቀምጦት ኖሯል። አልጋው ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። የእማዬ 8 ይበልጣል፣ አንደኛው ቀለበት ጠመም ብሏል፣ ክሩ ጥቁር ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ 17 ቁጥሯን ለራሴ ልገዛ ስሄድ ፎቶውን ለሽማግሌው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይኸኛውስ ስንት ነው?" አሉኝ፣ አቡጀዲውን በጣታቸው እያሳዩ።

አይሸጥም አልኳቸው።